የአገር ቤት ቁጥርና የመንገድ መስመር

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ፥ በውጭ አገር ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል ለዕረፍት ሲመጡ «ግድቡን ሳላይ አልመለስም» የሚሉትን እንሰማለን። ነገሩ ተገቢ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረቱ ድንጋይ ከተጣለ ጀምሮ ቦንድ እየገዙ፥ ስጦታም እየላኩ የቆዩ ሰዎች ናቸውና ያዋጡበትን ሥራ በዓይናቸው ማየት ይገባቸዋል። እነዚህ ወገኖች እስከ አሶሳ በአውሮፕላን፥ ወይም በግልገል በለስ በኩል በመኪና አድርገው ወደ ጉባ ወረዳ ሲጓዙ፥ በሌላ በኩል ደግሞ ከዚያው ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልልና ከሌላውም የአገራችን ክፍል ወጣቶች ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ዓረብ አገር፥ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ይሄዳሉ። መጪውና ሂያጁ የሚመሳሰሉበት አንድ ነገር ቢኖር፥ ሁለቱም ባሕር ተሻግረው ከአውሮፕላን ሲወርዱ የእጅ ስልካቸው ድዳ ሆኖ መገኘቱ ነው።

«ልጄ ከአሜሪካ ሲመጣ ስልኩ ለምን እንቢ ይለዋል? እኅቱስ ወደ ሪያድ ስትሄድ ምን ዐይነት ካርድ ትያዝ? ኢሲም የሚሉትስ ነገር ምንድን ነው?» የሚሉ ጥያቄዎች ከአባቶችና ከእናቶች ስለ ደረሱን፥ የዚህን ወር ዐምዳችንን ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል። ነገሩ የሱቅ ጉዳይ ይመስላል እንጂ፥ ክቡራን አንባብያን ከዚህ በታች እንደሚያዩት፥ የቤተ ሰብ ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ ሲም ካርድ ምን እንደ ሆነ እንናገር። አባቶቻችን ደብዳቤ ሲጽፉ በመጨረሻው ማኅተም ያሳርፉበት ነበር። ወረቀቱ የማንም ወረቀት፥ ቀለሙም የማንም ቀለም ሊሆን ይችላል፤ ደብዳቤው የማን እንደ ሆነ የሚያስረዳው ግን ማኅተሙ ነው። በስልክም ዘንድ የማኅተሙን ሥራ የሚሠራው ሲም ካርድ ነው። ስልኩ መሣሪያ ብቻ ነው፤ የስልኩ ድርጅት «ይህ ደንበኛዬ ነው፥ ቁጥሩም ይህ ነው፥ ሒሳቡም ይህን ያህል ነው» ብሎ የሚያውቀው በካርዱ ውስጥ በተጻፈው ምስጢራዊ መለያ ነው። የመጀመሪያው ሲም ካርድ በጀርመን አገር ተሠርቶ ለአንድ የፊንላንድ የስልክ ድርጅት የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። እኛም ጋ የእጅ ስልክ የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው፤ ነገር ግን ቁጥሩ ተመሳስሎ አያሳስተን፥ የእኛው በእኛ አቈጣጠር ስለ ሆነ ከዚያኛው በስምንት ዓመት ያህል ይዘገያል። ከዚያ አስቀድሞ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1880ዎቹ ዓመታት ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው የስልክ ሽቦ ማኅተምም ካርድም አላስፈለገውም፤ ከሽቦው ጫፍ የተቀመጠው ሰው ማን እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃልና።

ኢሲም የሚባለው እንግዲህ ይኸው ማኅተም ነው፤ ልዩነቱ ግን ከስልኩ የሚወጣና የሚገባ ቁራጭ አለመሆኑ ነው። ከፋብሪካው ሲመጣ በስልኩ ሆድ ዕቃ ውስጥ ተበይዶ የተቀመጠ ጥቃቅን ክፍል አለ፤ በዚያ ላይ የስልኩ ድርጅት የደንበኛውን መለያ በኢንተርኔት አማካይነት ይጽፍበታል። ደንበኛው የሚቀበለው ካርድ ሳይሆን፥ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ኪው አር ኮድ የተባለ ሥዕል ነው፤ ስልኩ ያንን ሥዕል በካሜራው ሲያይ መለያውን ያወርዳል። በአንድ ስልክ ውስጥ እንዲህ ያሉ ብዙ መለያዎችን ማኖር ይቻላል፤ በአንድ ጊዜ የሚሠሩት ግን አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ናቸው። ማኅተም ያለበትን ቀለበት አውልቆ ሌላ ከማጥለቅ ይልቅ፥ በዚያው ቀለበት ላይ ሌላ ማኅተም እንደ መቅረጽ ያለ ነገር ነው።

ይህን ካወቅን ዘንድ ዋናውን ነገር ለመናገር እንችላለን። መንገደኛ የሆነ ሰው ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ አለበት፤ አንደኛው ቁጥሩ ነው፥ ሁለተኛው መስመሩ ነው። ቁጥር ማለት ሰዎች የሚያውቁት፥ ባንኩ የመዘገበው፥ እናቱ በቃሏ የምትይዘው ስሙ ነው። መስመር ማለት ደግሞ ድምፁና ጽሑፉ በዚያን ቀን የሚያልፍበት መንገድ ነው። አብዛኛው ችግር የሚመጣው እነዚህን ሁለቱን አንድ አድርጎ በማሰብ ነው። ርካሽ መስመር አገኘሁ ብሎ ቁጥሩን የሚጥል አለ፤ ቁጥሬን አልለቅም ብሎ ደግሞ በውድ መስመር የሚከስር አለ። አንዱን መያዝና ሌላውን መለዋወጥ እንደሚቻል የሚነግራቸው ሰው ቢያገኙ ሁለቱም ባልተጐዱ ነበር።

የአገር ቤት ቁጥር ዛሬ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደ ሆነ እንመልከት። ከግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብር ገንዘብ የሚያስቀምጠውና የሚልከው ሰው ሒሳቡ የታሰረው በቁጥሩ ነው። የባንክ ሒሳቡን በስልክ የሚያንቀሳቅሰውም እንዲሁ። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ ያለው ሰው ማንነቱን ለማረጋገጥ የሚላክለት ምስጢራዊ ቁጥር የሚደርሰው በዚያው በተመዘገበው ስልክ ነው። ይህ ሁሉ በእርሱ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ፥ አንድ ሰው ወደ ውጭ አገር ሲሄድ ሲም ካርዱን አውጥቶ በመሳቢያ ውስጥ ጥሎት ቢሄድና ለብዙ ወራት ሒሳብ ሳይሞላበት ሳይሠራበትም ቢቀር፥ ቁጥሩ ተሰርዞ ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ይችላል። አዲሱ ባለ ቁጥር ክፉ ሰው ባይሆን እንኳ፥ የባንክ መልእክት ወደ እርሱ መድረስ ይጀምራል፤ በዚያ ቁጥር የተከፈተውን ዋትስአፕና ቴሌግራምም በራሱ ስልክ ሊከፍተው ይችላል። ስለዚህ የሚሄደው ሰው ካርዱን ይዞት ይሂድ፤ አይ የሚል ከሆነ ግን ለሚያምነው የቤተ ሰብ አባል ሰጥቶ በየጊዜው እንዲሞላበትና እንዲደወልበት ያድርግ። በዚህ ላይ ቸል ማለትን አንመክርም።

በዚህ ነገር የደረሰ አንድ ታሪክ ከአንድ የሥራ ባልደረባችን ሰምተናል። በአሶሳ አጠገብ ባለችው በባምባሲ የምትኖር አንዲት እናት ልጇን ወደ ዓረብ አገር ሸኘች። ልጅቱ እንደ ደረሰች የአገር ቤቱን ካርድ አውጥታ ጣለችውና የዚያን አገር ካርድ አስገባች፤ ካርዱንም ያወጡላት አሠሪዎቿ ናቸው። እናቲቱ ደግሞ ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ብልህ ጐረቤት «ከውጭ አገር በማይታወቅ ቁጥር ሚስድ ኮል ቢመጣ አታንሺ፥ መልሰሽም አትደውዪ፥ ሒሳብ የሚበሉ ሌቦች ናቸው» ብሎ መክሯት ነበር። ምክሩም ውሸት አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ማጭበርበር በብዙ አገሮች የታወቀ ነው። እናት ምክሩን አጥብቃ ያዘች። ልጅም በማይታወቀው አዲስ ቁጥር ደወለች፤ እናት አላነሣችም። ልጅ ደጋግማ ደወለች፤ እናት ስልኩን አጠፋች። እንዲህ ሆነው አርባ ቀን ያህል አንዷ «ልጄ ምን በላት?» እያለች፥ ሌላዋ «እናቴ ተቀየመችኝን?» እያለች አለቀሱ። በመጨረሻ አንድ የሰፈር ሰው ልጅቱን በቴሌግራም አግኝቷት ነገሩ ተገለጠ።

ይህ ታሪክ ሊያሥቀን ይዳዳል፤ ነገር ግን በዚያች ቤት በነዚያ ቀናት ማንም አልሣቀም። መድኃኒቱ ቀላል ነበር። ልጅቱ የአገር ቤቱን ካርድ በስልኩ ውስጥ ትታው ቢሆን፥ ከአየር ማረፊያ አንዲት አጭር መልእክት በዚያው በሚታወቀው ቁጥሯ «ደረስኩ፤ አዲሱ ቁጥሬ ይህ ነው» ብላ መላክ ትችል ነበር። ዋጋዋ ከአንድ ብርጭቆ ሻይ ያለፈ ቢሆን እንኳ፥ ከአርባ ቀን ለቅሶ ትረክሳለች። ይህ እንዲሆን ግን ከመሄድ አስቀድሞ ቴሌ ሄዶ ቁጥሩ በውጭ አገር እንዲሠራ ሮሚንግ ማስከፈት፥ ጥቂት ሒሳብም መሙላት ያስፈልጋል። አባቶች «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚሉት እንዲህ ላለው ነው፤ ሪያድ ከደረሱ በኋላ ቴሌ የለም።

ሮሚንግ ማለት የራስን ቁጥር እንደ ያዙ በሌላ አገር ድርጅት አንቴና መጠቀም ነው። ያ ድርጅት ለእኛው ድርጅት ያስከፍላል፥ የእኛውም ለእኛ ያስከፍለናል። አጭር መልእክት መቀበል አብዛኛውን ጊዜ ዋጋ የለውም፤ የተደወለልንን ስልክ ማንሣት ግን በአገር ቤት እንደለመድነው ነጻ አይደለም፥ ተቀባዩም ይከፍላል። ከሁሉ የሚከፋው ዳታ ነው። ስልኩ በኪስ ውስጥ ተኝቶ ሳለ ፎቶግራፍ ይልካል፥ ራሱን ያድሳል፥ መልእክት ይጠብቃል፤ ባለቤቱ ምንም ሳይሠራ ሒሳቡ ያልቃል። ስለዚህ የአገር ቤቱ ካርድ ለመልእክት ብቻ ክፍት ሆኖ፥ «ዳታ ሮሚንግ» የሚለው በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ይዘጋ። ዳታው በአገሬው ሲም ካርድ ወይም በኢሲም ይምጣ። ሁለት ካርድ የሚይዝ ስልክ በየገበያው ስለሚገኝ፥ ይህን ለማድረግ ባለጸጋ መሆን አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ለወላጆች አንድ ነገር በግልጥ ልንናገር ይገባናል። ኢሲም ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን በብዙ ወጣቶቻችን እጅ ያለው በአነስተኛ ዋጋ የተገዛ ስልክ ኢሲምን አያውቀውም። ስልኩ የሚችል መሆኑን ለማወቅ ኮከብ፥ መሰላል፥ 06፥ መሰላል ብሎ መደወል ነው፤ በሚወጣው ዝርዝር ውስጥ አይ.ኤም.ኢ.አይ. ከሚባለው የስልኩ መለያ ሌላ ኢ.አይ.ዲ. የሚባል ረጅም ቁጥር ካለ ስልኩ ኢሲም ይቀበላል፤ ከሌለ አይቀበልም፥ ማንም ሻጭ የፈለገውን ቢናገር።

ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የምትሄደዋ ልጅ አገሬው ሲም ካርድ የምታወጣው በስሟ መሆኑ እጅግ ይጠቅማታል። በሳዑዲ ዓረቢያ ካርድ የሚሰጠው በመታወቂያና በጣት አሻራ ነው፤ በሌሎቹም የባሕረ ሰላጤው አገሮች ያለ ፓስፖርት ወይም ያለ መኖሪያ መታወቂያ አይሰጥም። ልጅቱ የመኖሪያ ወረቀቷ እስኪወጣ ድረስ አሠሪዎቿ በስማቸው ያወጡላትን ብትይዝ የምትነቀፍበት አይደለም፤ ነገር ግን በሌላ ሰው ስም የወጣ ካርድ ጠብ በተነሣ ቀን የሚዘጋ ካርድ መሆኑን ታስብ። ከመሄዷ አስቀድሞ ቢያንስ ሁለት የቤተ ሰብ ቁጥሮችን፥ በፊታቸውም 251 ጨምራና የመጀመሪያዋን ዜሮ አስቀርታ፥ በቃሏ ታጥና። አዎን፥ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ትያዝ! ስልክ ሊጠፋ ይችላል፥ ሊሰበር ይችላል፥ ሊቀማም ይችላል፤ በቃል የተያዘውን የሚቀማ የለም። የኤምባሲውን ወይም የቆንስላውን ቁጥር ደግሞ በወረቀት ጽፋ ከስልኩ ተለይቶ በሚገኝ ቦታ ታስቀምጥ። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በዋትስአፕ ጽሑፍ መላላክ ሲፈቀድ በድምፅ መነጋገር ተከልክሎ ስለ ቈየ፥ ልጄ በዋትስአፕ አልደወለችም ብሎ ወዲያው መጨነቅ አይገባም፤ «የድምፅ መልእክት ቀርጸሽ ላኪ» ማለት ይበቃል።

አሁን ደግሞ ወደ መጪው እንመለስ። ከአሜሪካ የሚመጣው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው «ቦሌ ስደርስ ካርድ እገዛለሁ» ብሎ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጠው አይፎን፥ ከአይፎን 14 አንሥቶ ማለት ነው፥ የካርድ መግቢያ ቀዳዳ የለውም። ካርዱን ገዝቶ ስልኩን አገላብጦ ቢያይ የሚያስገባበት ቦታ አያገኝም። በአውሮፓ የተገዛው ያው አይፎን 14 ግን ቀዳዳ አለው፤ ስለዚህ የወንድሙ ስልክ የሠራለት ሰው የእርሱም ይሠራል ብሎ አይመን። እንዲህ ያለ ስልክ የያዘ መንገደኛ ኢትዮ ቴሌኮም የሚሰጠውን ኢሲም ፓስፖርቱን ይዞ አዲስ አበባ ሳለ ያውጣ፤ ወደ አሶሳ ከሄደ በኋላ ከሚፈልግ እዚያው ሥራውን ጨርሶ መሄድ ይሻለዋል። ሁለተኛው መንገድ ደግሞ እኛ የምንወደው ነው፤ በቤት ውስጥ የተጣለ አንድ አሮጌ ባለ ቀዳዳ ስልክ ይዞ ይምጣ፥ ሲመለስም ለታናሹ ትቶለት ይሂድ። በውል ክፍያ የተገዛ ስልክ ከሆነም፥ ድርጅቱ በሌላ ካርድ እንዳይሠራ ቈልፎት ሊሆን ስለሚችል ከመነሣቱ በፊት ያስከፍተው።

ከዚህ ሌላ በኢንተርኔት የሚሸጡ የመንገደኛ ኢሲሞች አሉ። ሰው ገና ከቤቱ ሳይወጣ በባንክ ካርዱ ይገዛቸዋል፥ ከአውሮፕላን ሲወርድም ወዲያው ኢንተርኔት ያገኛል። ለሦስት ቀን ስብሰባ ወደ ናይሮቢ ወይም ወደ ብራስልስ ለሚሄድ ሰው እነዚህ መልካም ናቸው። ነገር ግን ግድቡን ሊያይ ለመጣ ሰው የማይበቁ የሆኑበት ምክንያት አለ። እነዚህ ኢሲሞች የራሳቸው አንቴና የላቸውም፤ የሚጠቀሙት በዚያው በአገሩ ድርጅት አንቴና ነው፥ ስለዚህ አንቴና በሌለበት እነርሱም የሉም። ብዙዎቹ የሚሰጡት ዳታ ብቻ ነው፤ በ09 ወይም በ07 የሚጀምር ቁጥር አይሰጡም። ቁጥር የሌለውን እንግዳ ደግሞ የመኪናው ሾፌር ሊደውልለት አይችልም፥ የሆቴሉ ሰው አይጠራውም፥ ቴሌብርም አይከፍትም። በጉባ መንገድ ላይ የዳታው መስመር ደክሞ ተራ የድምፅ ጥሪ ብቻ የሚሠራበት ቦታ ሊያጋጥም ይችላል፤ በዚያን ጊዜ በዳታ ብቻ የተማመነ ሰው ምን ያደርጋል? በአገራችን ከመስከረም 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሳፋሪኮም ሥራ ስለ ጀመረ ሁለት ድርጅቶች አሉ፤ በሚሄዱበት ወረዳ የትኛው ደኅና እንደሚይዝ መጠየቅ ያለበት የአዲስ አበባው ሻጭ አይደለም፥ በማንኩሽ ወይም በአሶሳ ያለው ነዋሪ ነው። ከከተማ ሳይወጡም ካርታውን በስልኩ ውስጥ ማውረድ፥ ለቤተ ሰብም «እስከ ነገ ማታ ላልገኝ እችላለሁ» ብሎ መንገር ደግ ነው።

ስለ ድንበርም አንድ ቃል እንጨምር። ግድቡ ያለበት የጉባ ወረዳ ከሱዳን ጋር የሚዋሰን ነው፤ የአሶሳ ዞኑ ኩርሙክም እንዲሁ። የራዲዮ ሞገድ ደግሞ የድንበር ምልክት አያነብም። በእንዲህ ያለ ቦታ ስልክ የራሱ አገር አንቴና ሲደክምበት የጐረቤቱን አገር ሊይዝ ይችላል፤ ባለቤቱ ከኢትዮጵያ ምድር አንድ እርምጃ ሳይወጣ በሮሚንግ ሒሳብ መክፈል ይጀምራል። በማስተካከያው ውስጥ «ኔትወርክ በራሱ ይምረጥ» የሚለውን ዘግቶ የራስን ድርጅት በስሙ መምረጥ ከዚህ ያድናል። ለትንሣኤ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም የሚወርዱ ተሳላሚዎቻችንም ይኸው ያጋጥማቸዋል። በዮርዳኖስ ወንዝ ዳር ቆሞ ሳለ ስልኩ ከማዶ ያለውን የዮርዳኖስን አገር መስመር ሊይዝ ይችላል፤ ቤተ ልሔምም የፍልስጥኤም የስልክ ድርጅቶች የሚሠሩባት ከተማ ናት፥ «ለእስራኤል» ተብሎ የተገዛ ጥቅል እርሷንም መጨመሩን ሳይጠይቁ መግዛት አይገባም። በማኅበር የሚሄዱ ተሳላሚዎች እያንዳንዳቸው ካርድ ከሚገዙ አንዱ ገዝቶ ለአምስቱ በዋይፋይ ቢያካፍል ብዙ ገንዘብ ይተርፋል፤ ብቻ ያ ሰው ከማኅበሩ እንዳይለይ!

ኩርሙክን ካነሣን ዘንድ በዚያ የታየውን ሳንናገር ማለፍ አይቻለንም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ ብዙ ሰዎች ሸሽተው ወደ አገራችን የገቡት በመተማና በኩርሙክ በኩል ነው። ስለ ኢሲም ስንጽፍ የምናስበው አውሮፕላን የሚሳፈረውን ነው፤ ነገር ግን በእግሩ ድንበር የተሻገረውም መንገደኛ ነው፥ ለእርሱ ባዕድ አገሩ አሶሳ ናት። በኪሱ የያዘው የዜይን ወይም የሱዳኒ ካርድ ድንበሩን አልፎ ጥቂት እንደ ሄደ ድዳ ይሆናል። በዚያው ካርድ ቁጥር ግን ዋትስአፑ አለ፥ በዚያም ውስጥ በየአገሩ የተበተኑት ዘመዶቹ አሉ። በ2016 ዓ.ም. በጥርና በየካቲት የሱዳን የስልክና የኢንተርኔት መስመር በአብዛኛው ተቋርጦ በነበረ ጊዜ፥ በካርቱም ባንክ «ባንካክ» በተባለው የስልክ አገልግሎት ገንዘብ ይላላኩ የነበሩት ሰዎች የእህል መግዣቸው ከስልካቸው ጋር አብሮ ጠፋ። አንድ ሰው የመስመርን ዋጋ ሊማር ቢፈልግ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አያገኝም።

ለእንዲህ ያለው ሰውም ሆነ ወደ ሪያድ ለሄደችው ልጅ ሊታወቅ የሚገባው ነገር ይህ ነው። ዋትስአፕና ቴሌግራም በአሮጌው ቁጥር ከተከፈቱ በኋላ፥ አሮጌው ካርድ ቢወጣም በአዲሱ ካርድ ዳታ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ስልኩ «ቁጥርህን ቀይረሃል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ቸኩሎ «አዎን» ማለት አያስፈልግም፤ ዘመድ የሚያውቀው አሮጌውን ነውና። ነገር ግን ስልኩ ቢጠፋና በሌላ ስልክ እንደ ገና ለመክፈት ቢፈለግ የማረጋገጫው ቁጥር የሚላከው ወደ አሮጌው ካርድ ስለ ሆነ፥ ካርዱን መጣል መመለሻውን መንገድ ማፍረስ ነው። በሁለቱም ላይ ሁለተኛ የይለፍ ቃል መጨመር ይገባል። ያንን የማረጋገጫ ቁጥር «ከቴሌ ነን» ለሚልም፥ «ከባንክ ነን» ለሚልም፥ «ልጅሽ ታስራለች» ብሎ ለሚያለቅስም ሰው በፍጹም መንገር አይገባም። በተለይ ልጃቸው በውጭ አገር ያለች እናቶች ይህን እንዲያስተውሉ እንለምናለን፤ አጭበርባሪ የሚመጣው በናፍቆት በር ነው።

ኢሲም ለመግዛት የወሰነ ሰው ሊያውቃቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች ቀርተዋል። ኢሲሙን ለማውረድ ኢንተርኔት ስለሚያስፈልግ፥ በቤቱ ዋይፋይ ሳለ ያውርደው፤ በባዕድ አየር ማረፊያ ኢንተርኔት ለማግኘት ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ሰው ሆኖ መቆም ከባድ ነው። ብዙ ጊዜ ኮዱ የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ «አልሠራም» ብሎ ከስልኩ የሰረዘው ሰው ሌላ መግዛት ሊኖርበት ይችላል፥ ስለዚህ ማጥፋትና መሰረዝ አንድ እንዳልሆኑ ልብ ይበል። የፕላስቲኩ ካርድ ስልክ ቢሰበር ተነቅሎ ወደ ሌላ ይገባል፤ ኢሲም ግን ከተሰበረ ስልክ ጋር አብሮ ይቀራል፥ ከድርጅቱም እንደ ገና መጠየቅ ያሻል። በዚህ ምክንያት የአገር ቤቱን ዋና ቁጥር በጉዞ ዋዜማ ወደ ኢሲም ማዛወርን አንመክርም፤ ለመንገዱ መስመር ኢሲም፥ ለቤቱ ቁጥር ካርድ ቢሆን ይሻላል። በቱርክ አገር ረጅም ጊዜ የሚቈይ ሰው ደግሞ፥ የአገሬውን ካርድ ያስገባበት የውጭ ስልክ በ120 ቀን ውስጥ ካልተመዘገበ እንደሚዘጋበት ይወቅ፤ ምዝገባውም ቀላል ገንዘብ አይጠይቅም።

የመጨረሻው ነገር ስለ ሰዓት ነው። የሚሄደው ሰውና የሚቀረው ቤተ ሰብ የሚደዋወሉበትን ቀንና ሰዓት ሳይለያዩ ይወስኑ፤ ሲወስኑም በማን አቈጣጠር እንደ ሆነ ይነጋገሩ። ሪያድና አዲስ አበባ ፀሐያቸው አንድ ነው፤ ነገር ግን የእኛ ማታ ሁለት ሰዓት በእነርሱ ስምንት ሰዓት ይባላል፥ ልጅቱም እዚያ ስትከርም የእነርሱን መቁጠር ትለምዳለች። ዱባይ ከእኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ዋሽንግተን በክረምታቸው በስምንት፥ በበጋቸው በሰባት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ስለዚህ እዚህ ከማታው ሁለት ሰዓት ሲሆን እዚያ ገና የምሳ ሰዓት አካባቢ ነው። ሱዳን ደግሞ ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ በኩርሙክና በጉባ የሱዳንን አንቴና የያዘ ስልክ ሰዓቱን በራሱ ወደ ኋላ ሊመልስ ይችላል። ወደ አሶሳ አውሮፕላን ማረፊያ በጧት ለመድረስ ደወል ሞልቶ የሚተኛ እንግዳ፥ በስልኩ ላይ «ሰዓት በራሱ ይስተካከል» የሚለውን ዘግቶ ይተኛ።